የድመቷ ሆድ ሲያብጥ ጀርባዋን ዳስሱ

ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ሌሊት ጎተራ ሥር አይጥ ስታሳድድ ትሰማለች። ፀጉሯ አልረገፈም፣ ዓይኗም ንጹሕ ነው። ሆዷ ግን ከሳምንት ሳምንት እየተለጠጠ ሄዶ፣ ከላይ ሲያዩዋት ግራና ቀኝ ጎኗ ተገፍቶ ወጥቷል። ደሴም ይሁን ወልድያ፣ ሐይቅም ይሁን ላስታ፣ ይህን ያየ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይላል፦ «አርግዛለች» ወይም «አይጥ በዝቶላት ጠግባ ነው»። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ልክ ካልሆኑ ግን እየጠበቅን ሳምንታት ያልፋሉ፤ በእነዚያ ሳምንታት ደግሞ በቀላሉ ሊድን ይችል የነበረ ነገር ሥር ይሰድዳል።

የሆድ ማበጥ በራሱ የበሽታ ስም አይደለም። ቆዳው የተገፋው ውስጡ አንድ ነገር ቦታ ስለያዘ ነው። ያ ነገር ስብ፣ ጽንስ፣ ትል፣ የደረቀ ዓይነ ምድር፣ ሽንት፣ መግል፣ ደም፣ ውኃ ወይም ዕጢ ሊሆን ይችላል። ከሩቅ ሲታዩ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆድ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ «ምን ልስጣት?» ከማለት በፊት «ውስጡ ያለው ምንድን ነው?» ማለት ይቀድማል።

«ትበላለች እኮ!» የሚለው ማጽናኛም ብዙ ሰው ያዘናጋል። ድመት ሕመሟን የምትደብቅ እንስሳ ናት። እሷ አይጥ ብታድንም እሷን የሚያድን ውሻና ጅብ አለ፤ ድካሟን ማሳየት አይበጃትም። ሆዷ ውስጥ ውኃ እየተጠራቀመ እንኳ ለጥቂት ቀናት ስትበላና ስትጫወት የምትቆይ ድመት ብዙ ናት። መብላቷ ጥሩ ዜና ነው፤ ጤነኛ ለመሆኗ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ወሎ ከብት የሚያውቅ አገር ነው። ለምለም ማገጥ ወይም እርጥብ አልፋልፋ የበላች ላም በግራ ጎኗ ስትነፋ ምን እንደሚደረግ እረኛው ልጅ ሳይቀር ያውቃል፤ ዘይት ይግቷታል፣ ሲብስባትም ጎኗን ወግተው አየሩን ያስወጡላታል። ይህ ለላም የሚሠራ እውቀት ነው። ላም ሣሩን የምታብላላበት ትልቅ ክፍል ሆዷ ውስጥ አለ፤ የሚነፋትም እዚያ የታፈነው አየር ነው። ድመት እንዲህ ያለ ክፍል የላትም። ሆዷን መውጋት አንጀት፣ ፊኛ ወይም ያረገዘ ማህፀን መብሳት ነው። ዘይት ብትግቷትም በቀላሉ ወደ ሳንባዋ ይገባና ሌላ ሕመም ይጨምርባታል። ሁለቱንም አታድርጉ።

ታዲያ ከየት ይጀመራል? ከጀርባዋ። ድመቷ ተረጋግታ ቆማ ሳለ መዳፋችሁን ከትከሻዋ እስከ ጭራዋ ሥር በአከርካሪዋ ላይ በቀስታ አሳልፉ። አከርካሪው ሥጋ ለብሶ አጥንቱ በስሱ ብቻ ከተሰማችሁ ሰውነቷ አልተጎዳም። አጥንቱ አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ የዳሌዋም አጥንት የሾለ ከሆነ ግን ሆዷ እያበጠ ሰውነቷ እየከሳ ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው ድመቱን በዓይኑ ብቻ ስለሚያይ ይህን አያገኘውም፤ ፀጉሩ ክሳቱን ይሸፍነዋል፣ የተነፋው ሆድም «ወፍራለች» ያሰኛል።

ከስቶ ሆዱ ያበጠ ድመት ሐኪም ሳያየው መቆየት የለበትም። ጀርባው ሥጋ የለበሰ ድመት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያረገዘ ወይም የወፈረ ነው። ይህ መለያ ፍጹም አይደለም፤ ውኃ መቋጠር ገና ሲጀምር ጀርባው አልከሳ ይሆናል፣ በደንብ ሳትበላ ያረገዘችም ልትከሳ ትችላለች። ቢሆንም ከጀርባ መጀመር ሆዱን እያዩ ከመገመት ብዙ ይሻላል።

አንድ ነገር ቶሎ ልለፈው። በኋላ እግሮቿ መካከል ተንጠልጥሎ ስትራመድ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ለስላሳ ቆዳ ካለ፣ እሱ ተፈጥሮዋ ነው። ብዙ ድመቶች አላቸው፣ ወንዶቹም ጭምር። ሕክምና አይፈልግም።

ሴት ከሆነችና ካልተኮላሸች ግን እርግዝና ከሁሉ በፊት ይታሰባል። ድመት ገና በ4 እና በ5 ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፤ «ገና ልጅ ናት» ማለት አያስተማምንም። እርግዝናው ከ63 እስከ 65 ቀን ያህል ይቆያል። በ3ኛው ሳምንት አካባቢ ጡቶቿ ጫፋቸው ይቀላል፣ ጎላ ጎላም ይላል፤ ሆዷ በግልጽ የሚታየው ከ5ኛው ሳምንት ወዲህ ነው። ስለዚህ ሆዷ በጣም ወጥቶ ጡቶቿ እንደ ድሮው ትንንሽና የገረጡ ከሆኑ ጥርጣሬ ይግባችሁ። ሁለት ወር ከአንድ ሳምንት ጠብቃችሁ ካልወለደችም እርግዝና አልነበረም ማለት ነው፤ ያለቀው ጊዜ ግን ለበሽታው የተሰጠ ጊዜ ነው። ወንድ ድመት ሆዱ ሲያብጥ ይህ ሁሉ ጥያቄ ስለማይነሳ ቶሎ ወደ ሌላው መሄድ ይቻላል። በነገራችን ላይ፣ የቤታቸውን ድመት ጾታ በእርግጠኝነት የማያውቁ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም፤ መጀመሪያ እሱን አረጋግጡ።

እርግዝና የሚመስል አንድ አደገኛ ነገር አለ፤ ማህፀን መግል ሲይዝ። ያልተኮላሸች ድመት ወንድ ፈልጋ ስትጮህ ከከረመች በኋላ ባሉት ሳምንታት ውስጥ ይመጣል። የማህፀኑ አፍ ክፍት ከሆነ ከሥሯ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ይወርዳል፤ እሷ ግን እየላሰች ስለምታጸዳው ላታዩት ትችላላችሁ። የማህፀኑ አፍ ከተዘጋ ምንም አይወጣም፣ ሆዷ ብቻ ይነፋል። ውኃ አብዝታ መጠጣት፣ መፋዘዝና ምግብ መቀነስ ከታየ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ነው። ዋናው መፍትሔ ማህፀኑን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። እንዳትወልድ ብለው የሰው የወሊድ መከላከያ መርፌ የሚያስወጉ ሰዎች ይህን አደጋ እንደሚጨምሩባት ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

የድመት ግልገሎች ሆድ ግን በአብዛኛው የሚነፋው በወስፋት ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ በየቤቱ የሚታየው ይኼ ነውና፣ በትንሽ ጥንቃቄም ይድናል። የድመት ወስፋት ነጭ፣ ድቡልቡል፣ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ትል ነው። እናቲቱ ስታጠባ ጡንቻዋ ውስጥ ተኝተው የነበሩ የትሉ ልጆች ነቅተው በወተቷ በኩል ወደ ግልገሎቹ ይተላለፋሉ። ስለዚህ ከቤት ወጥቶ የማያውቅ፣ ምንም ቆሻሻ ያልነካ ግልገልም ወስፋት ሊኖረው ይችላል። ካደጉ በኋላም ትሉን የተሸከመ አይጥ ሲበሉ ይይዛቸዋል። ሆዱ ክብ፣ ጎድኑ የሚቆጠር፣ ፀጉሩ የደነዘዘ፣ ግን ሲጫወት የሚውል ግልገል ካያችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። አንዳንዴ ትሉ በትውከት ወይም በዓይነ ምድር ይወጣል፤ አለመውጣቱ ግን የለም ማለት አይደለም።

የኮሶ ትልም ድመትን ይይዛል፤ አንዱ ዓይነት በቁንጫ፣ ሌላው በአይጥ በኩል ይመጣል። እሱ ብዙውን ጊዜ ሆድ አይነፋም። የሚታወቀው ከጭራዋ ሥር ባለው ፀጉር ላይ ተጣብቆ በሚገኝ የሩዝ ፍሬ በሚመስል ቁራጭ ነው። ቁንጫ ሙቀትና እርጥበት ስለሚወድ፣ በኮምቦልቻ፣ በከሚሴና በባቲ በኩል ያላችሁ ከደሴና ከደጋው ሰው ይልቅ ለዚህኛው ትኩረት ስጡ።

መድኃኒቱ ላይ ነው ብዙ ጉዳት የሚደርሰው። በየገበያው በቀላሉ የሚገኘው የበግና የከብት የትል ክኒን ነው፤ አልቤንዳዞል፣ ቴትራሚዞል፣ መርፌው ደግሞ አይቨርሜክቲን። የበጉ የአልቤንዳዞል ክኒን 300 ሚሊ ግራም፣ የከብቱ 2500 ሚሊ ግራም የሆነው ተመዝኖ ለበግና ለበሬ ተብሎ ነው። ድመታችሁ 3 ኪሎ ትመዝን ይሆናል፤ ግልገሉ 1 ኪሎም አይሞላ። «ሩብ ሰጠኋት» የሚለው ልክ በዓይን የተገመተ እንጂ የተሰላ አይደለም። አልቤንዳዞል በተለይ የድመትን መቅኔ ጎድቶ ደም እንዳይሠራ ያደርጋል፣ ለጽንስም አደገኛ ነው። ኮሶና እንቆቆም ለሰው እንኳ ሲበዙ የሚጎዱ ናቸው፤ ለድመት አትሞክሩ። ለወስፋት ፓይራንቴል፣ ለኮሶ ትል ፕራዚኳንቴል የሚባሉት ለድመት የሚስማሙ ናቸው፤ መጠኑን በክብደቷ የሚያሰላው ግን የእንስሳት ሐኪም ይሁን።

አንድ ጊዜ ሰጥቶ መተውም አይበቃም። መድኃኒቱ የሚገድለው አንጀት ውስጥ ያለውን ትል ነው፤ በሰውነቷ ውስጥ እየተጓዘ ያለው ትንሹ ትል ተርፎ ከቀናት በኋላ አንጀት ይደርሳል። ለዚህ ነው ግልገሎች ከ3 ሳምንት ዕድሜያቸው ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ፣ ከ2 ወር በኋላ ደግሞ እስከ 6 ወራቸው በየወሩ የሚሰጣቸው። አይጥ የምታድን ትልቅ ድመት በዓመት 4 ጊዜ ያህል ብትወስድ ጥሩ ነው። እናቲቱንም ከልጆቿ ጋር አብራችሁ አሳክሙ። በትክክል ተሰጥቶ በ3 ሳምንት ውስጥ ሆዱ ካልጎደለ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ መድኃኒቱን መደጋገም ትታችሁ ወደ ምርመራ ሂዱ።

ይህ የድመቷ ጉዳይ ብቻም አይደለም። በወሎ ድመት ከሰው ጋር ተቀራርባ ትኖራለች፤ በሙስሊሙ ቤት እንደ ርኩስ አትቆጠርም፣ በክርስቲያኑም ቤት ምድጃ ዳር ትተኛለች። የወስፋቷ እንቁላል ከዓይነ ምድሯ ጋር ወጥቶ አፈር ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሲቆይ ሰውን ሊይዝ የሚችል ይሆናል። አፈር የሚጫወት ሕፃን እጁን ሳይታጠብ ከበላ ትሉ ወደ ጉበቱ፣ አልፎ አልፎም ወደ ዓይኑ ሊሄድ ይችላል። ዓይነ ምድሩን በየቀኑ ማንሳትና የልጆችን እጅ ማስታጠብ ይህን ይከላከላል።

ምግቧንም ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ድመት ሥጋ በል ናት፤ እንጀራና ሽሮ ሆዷን ይሞላል እንጂ አይገነባትም። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋና ከዓሣ ማግኘት አለባት፤ እጦቱ የድመትን ልብ እንደሚያዳክም በ1987 እ.ኤ.አ. በጥናት ተረጋግጧል፣ ዓይንም ያጠፋል። በ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም ቤቱ ሁሉ ሲጾም ድመቷም አብራ የምትጾምበት ቤት አለ። እሷ ጾም የለባትም። አይጥ የምታገኝ ከሆነ ራሷን ትችላለች፤ በከተማ ግቢ ታጥራ የምትውለው ግን አትችልም። የተቀቀለ እንቁላል፣ ከሐይቅ የመጣ ዓሣ ጭንቅላቱ ተቀቅሎ፣ ትንሽ የሆድ ዕቃ ሥጋ ይበቃታል። ወጥ ግን አትስጧት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። ወተትም ለብዙ ትልልቅ ድመቶች ተቅማጥና የሆድ አየር ያመጣል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፤ ሆድ ውስጥ ፈሳሽ ሲጠራቀም። እንዲህ ያለው ሆድ ወደ ታች የወረደ፣ ሲነኩት የሚላወስ ነው፤ አንዱን ጎን በጣት መታ ስታደርጉት ሞገዱ በሌላው ጎን ባለ መዳፋችሁ ይሰማችኋል። አትጫኑት። ድመቷ ብታምማት ትነክሳለች፤ ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ታጥባችሁ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ዕድሜዋ ከ2 ዓመት በታች ሆኖ፣ ብዙ ድመት ካለበት ቤት የመጣች፣ ሆዷ በፈሳሽ የተሞላ ከሆነ ሐኪሞች ቀድመው የሚያስቡት ኤፍ አይ ፒ የሚባለውን በሽታ ነው። መነሻው የድመት ኮሮና ቫይረስ ነው፤ ሰውን ካስጨነቀው ኮሮና የተለየ፣ ሰውንም የማይዝ። ብዙ ድመት በሚኖርበት ቦታ አብዛኞቹ ይያዛሉ፤ ትንሽ ተቅማጥ አልፏቸው ይቀራል። ጥቂቶቹ ውስጥ ግን ቫይረሱ ይለወጥና የደም ሥሮቻቸው እንዲቆጡ ያደርጋል፤ ከተቆጣው የደም ሥር የሚሰርገው ፈሳሽ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። በፀረ ባክቴሪያ የማይወርድ ትኩሳት አብሮ ይኖራል። በሽታው በ1963 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ከተገለጸ ጀምሮ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የሞት ፍርድ ሆኖ ቆይቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ግን ጂ ኤስ 441524 የተባለ መድኃኒት ከተሰጣቸው 31 ታማሚ ድመቶች አብዛኞቹ ድነዋል፤ ሕክምናው 12 ሳምንት የሚፈጅ ነበር። እና «ይህ ከሆነ በቃ» የሚለው የድሮ ፍርድ ዛሬ ትክክል አይደለም፤ ሐኪማችሁን ስለዚህ መድኃኒትና የእሱ ዘመድ ስለሆነው ስለ ሬምዴሲቪር መድኃኒት ጠይቁት።

ደግነቱ፣ ጥርጣሬውን ለማጥበብ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሐኪሙ በንጹሕ መርፌ ጥቂት ፈሳሽ ሲቀዳ ቀለሙ ብዙ ይናገራል። ቢጫ፣ ጥርት ያለና ሲስቡት እንደ ክር የሚዘረጋ ከሆነ ኤፍ አይ ፒን ያስጠረጥራል። እንደ ውኃ የቀጠነና የነጣ ከሆነ ወደ ጉበት፣ ወደ ልብ ወይም ወደ ደም ፕሮቲን ማነስ ያመለክታል። ደም ከሆነ ግጭት፣ መርዝ ወይም የፈነዳ ዕጢ፤ የደፈረሰና የሚሸት ከሆነ መግል ነው። አንድ እርምጃም አለ፦ በተጣራ ውኃ ላይ ጥቂት አሴቲክ አሲድ፣ አቼቶን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ፣ ይጨመርና ከሆዷ የተቀዳው ፈሳሽ አንድ ጠብታ ከላይ ይጣላል። ጠብታው ሟሙቶ ከጠፋ ኤፍ አይ ፒ የመሆኑ ዕድል በጣም ይቀንሳል። ቅርጹን ጠብቆ ከተንሳፈፈ ወይም ቀስ ብሎ ከወረደ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ያን ጊዜም ሌላ ኢንፌክሽንና አንዳንድ ካንሰር ተመሳሳይ ውጤት ስለሚሰጡ ተጨማሪ ምርመራ ይፈለጋል። ፈሳሹን በየጊዜው እየቀዱ ማስወገድ ግን ሕክምና አይደለም፤ መተንፈስ ከከለከላት ለማስታገስ ብቻ ነው የሚደረገው።

ሰዓት የማይሰጡ ሁኔታዎች አሉ። ወንድ ድመት ሽንት እየፈለገ ደጋግሞ ከተቀመጠ፣ ከጮኸ፣ ምንም ካልወጣው ፊኛው ተዘግቷል፤ ታችኛው ሆዱ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥም ይሞታል። ብዙ ሰው የሆድ ድርቀት መስሎት ዘይት ያጠጣዋል። በሰዓታት ውስጥ የተነፋ ሆድ፣ የነጣ ወይም ቢጫ የሆነ ድድ፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ መኪና ከገጫት ወይም ከፍ ካለ ቦታ ከወደቀች በኋላ የመጣ እብጠት፣ ሁሉም ለዚያው ሰዓት ናቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ እህሉ ሲወቃና ሲከተት አይጥ ስለሚበዛ መርዙም ይበዛል፤ መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመት ሆዷ ውስጥ ልትደማ ትችላለች። ድመት ባለበት ቤት መርዝ አታስቀምጡ።

ለሕመሟ ብላችሁ ፓራሲታሞል እንዳትሰጧት፤ አንድ ክኒን ድመት ይገድላል። ዳይክሎፌናክም እንደዚሁ ይጎዳታል። ለቁንጫ ብሎ የበግ መዥገር ማጥፊያ ዳያዚኖን መቀባትም ራሱን የቻለ መርዝ ነው።

ድንገተኛ ካልሆነ፣ ቀጠሮ እስክትደርሱ ቤት ውስጥ የምታደርጉት አለ። ክር ወስዳችሁ ከመጨረሻው ጎድኗ በስተኋላ ሆዷን ሳታጠብቁ ለኩና ቋጠሮ አድርጉበት፤ በሳምንቱ ደግማችሁ ስትለኩ ክሩ ራሱ ይነግራችኋል። ክብደቷን ለማወቅ ታቅፋችኋት ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ ብቻችሁን ውጡና ልዩነቱን ጻፉ። ስትተኛ ትንፋሿን ቁጠሩ፤ በደቂቃ ከ30 በታች መሆን አለበት፣ ከ40 ካለፈ አትጠብቁ።

ደሴ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ኮምቦልቻ ደግሞ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ። የወረዳው ክሊኒክ ሐኪም ብዙውን ጊዜ የሚውለው ከበግና ከበሬ ጋር ነው። «ድመት አላክምም» ቢላችሁ ወይም ቢያቅማማ ሦስት ነገር ለምኑት፦ ይመዝናት፣ ከጠዋቱ ትኩስ ዓይነ ምድሯ ላይ የትል እንቁላል በማይክሮስኮፕ ይፈልግላችሁ፣ ሆዷ ፈሳሽ ከያዘም በመርፌ ትንሽ ቀድቶ ይየው። ሦስቱም ለበግ በሚጠቀምበት ዕቃ የሚሠሩ ናቸው። ድመቷን ቀዳዳ በተበሳ ካርቶን ውስጥ፣ ውስጡ የምትተኛበትን ጨርቅ አንጥፋችሁ ውሰዷት፤ ዓይነ ምድሩን በንጹሕ ብልቃጥ፣ ከዚህ በፊት የሰጣችኋትን ክኒን ማሸጊያውን ይዛችሁ፣ መቼ እንደሰጣችኋትም በወረቀት ጽፋችሁ።